ስም፣ ርስትና ገበያ፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ትዝታን ማን ይጠብቃል?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው። አንድ የወረዳ፣ የከተማ ወይም የቀበሌ ምክር ቤት በአጀንዳው ላይ «የአካባቢ ቅርስ ጥበቃ» የሚል ነጥብ ሲይዝ የሚጠብቀው ነገር በትክክል ምንድን ነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዝግጁ ነው፤ አድባራትና ገዳማት፣ የብራና መጻሕፍት፣ ዋሻዎች፣ ፏፏቴዎችና ጠበሎች በተራ ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም። ሆኖም እንደ ላሊበላ ወይም እንደ ጎንደር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ በሌለበት በምዕራብ ጎጃም፣ በዝርዝሩ ብቻ ብንወሰን የአካባቢው ታሪክ እጅግ የሚበዛው ክፍል ከውጭ ይቀራል። ከውጭ የሚቀረው የገበሬው የትውልድ ቆጠራ፣ የነጋዴው መንገድ፣ የዳኝነት ክርክሩና የአገሩ ስም ነው።

ዛሬ ላቀርብ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ አገር ትዝታ ለረጅም ዘመን ተጠብቆ የኖረው ሥራ ስለነበረው ነው፤ ሥራውን ባጣበት ጊዜ ደግሞ ማንም ሳያጠፋው መጥፋት ይጀምራል። ስለዚህ ምክር ቤቶቻችን «ምን እንጠብቅ?» ከማለታቸው በፊት «ይህ ትዝታ በማን እጅ ነበር? ለምን ጉዳይስ ያገለግል ነበር?» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። ይህን በሦስት ምሳሌዎች፣ ማለትም በስም፣ በርስትና በገበያ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ስም

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። የአሁኑን ስሟን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደሆኑ ይነገራል፤ ከስደት ተመልሰው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያቀኑ ያለፉት በዚሁ አቅጣጫ ነበርና። ፍኖት በግእዝ መንገድ ማለት ነው፤ የከተማዋ ስም እንግዲህ «የሰላም መንገድ» ተብሎ ይፈታል። ወጀት በአገሬው አፍ የኖረ ስም ነው፤ ፍኖተ ሰላም ግን የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ቋንቋ ነው። በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ስሞች ተደርበው እናገኛለን፤ የታችኛው ስም ግን በማንኛውም የመንግሥት ማኅተም ላይ አይነበብም።

የስም ጉዞ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ዳሞት የሚለው ስም በመካከለኛው ዘመን የሚያመለክተው ከዓባይ በስተ ደቡብ የነበረውን አገር ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኦሮሞ መስፋፋት ጋር ተያይዞ ከሕዝቡ ከፊሉ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ሲሰፍር ስሙም አብሮት ተሻገረ። ዛሬ ደጋ ዳሞት ብለን ስንጠራ የምንጠራው አንድን ተራራማ አገር ብቻ ሳይሆን ከወንዝ ማዶ ተይዞ የመጣን ትዝታ ጭምር ነው። የስደተኛው ስም አዲስ አገር አግኝቶ ሲኖር ነባሩ ወጀት ግን በገዛ አገሩ ላይ ሳለ ወደ ጓዳ ገብቷል። ልዩነቱን ያመጣው የስሙ ዕድሜ ሳይሆን ስሙን በየዕለቱ የሚጠራበት ጉዳይ መኖሩና አለመኖሩ ይመስለኛል።

ርስት

ሁለተኛው ምሳሌዬ ርስት ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጠው የርስትን ሥርዓት አጥንተው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ታትሟል። የአማራን የመሬት ይዞታ የሚያጠና ተማሪ ዛሬም ከዚያ መጽሐፍ ሳይነሣ አይቀርም። ስለሆነም ስለ ፈረስ ቤት አካባቢ ገበሬዎች ሙግት የሚያውቅ ሰው በሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት ሲገኝ፣ በራሱ በአካባቢው ትምህርት ቤት ግን ላይገኝ ይችላል።

ሥርዓቱ በአጭሩ እንዲህ ነበር። ርስት ማለት አንድ የተወሰነ ማሳ አልነበረም፤ ከአንድ አቅኚ አባት በመወለድ የሚገኝ የድርሻ መብት ነበር። ልጅነት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአባቱ አባት በኩል በአንድ ደብር፣ በእናቱ እናት በኩል ደግሞ በሌላ ደብር ተወላጅ ነኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሁሉንም ድርሻ ማግኘት ግን አይቻልም፤ መሬቱን አስቀድሞ የያዘ ሌላ ተወላጅ አለና። በመብትና በይዞታ መካከል ያለው ርቀት የሚጠበው በሙግት፣ በሽምግልና፣ በዝምድናና በጉልበት ነበር።

ለታሪክ ተማሪ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። መሬት የሚፈልግ ሰው የትውልድ ሐረጉን ማወቅ ነበረበት። ሐረጉን በሚገባ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይፈለጉ፣ ይከበሩና በችሎት ፊት ይቆጠሩ ነበር። አንዱ ስም ቢዘለል ወይም አንዱ ወንድም ከሌላው ጋር ቢምታታ ማሳ ይታጣል። በዚህ ምክንያት የብዙ ትውልድ ትዝታ ያለ ቤተ መዛግብት፣ ያለ በጀትና ያለ ቅርስ ጽሕፈት ቤት ተጠብቆ ኖረ። በእናት በኩል የሚመጣ መብት ስለነበረም የሴት ቅድመ አያቶች ስም ከቆጠራው አልወጣም። ነገሥታትን በሚዘረዝሩ ዜና መዋዕሎች ውስጥ የማናገኛቸው ተራ ሴቶች በገበሬ ሙግት ውስጥ በስማቸው ይጠሩ ነበር።

ይህን ስል የርስትን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። ያ ትዝታ መራጭ ነበር። የሚያስታውሰው ተወላጁን ነው፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው፣ ሙስሊሙ ነጋዴና የባሪያ ልጅ በአብዛኛው ከርስት ውጭ ስለነበሩ ከቆጠራውም ውጭ ነበሩ። ኃይለኛው ደግሞ ሐረጉን ለጥቅሙ ሊያቃና፣ የተቀናቃኙንም ሊያጣምም ይችል ነበር። ታሪክ አጥኚው ከዚህ ትዝታ የሚያገኘው እንከን የሌለው የልደት መዝገብ አይደለም፤ ሰዎች የተከራከሩበት፣ የተማማሉበትና የተሸናነፉበት ሕያው ሰነድ ነው።

የዚህ ትዝታ ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የታየው በ1960 ዓ.ም. ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 255 የእርሻ ገቢ ግብር ሲጥል የጎጃም ገበሬ በብዙ ወረዳዎች እምቢ ብሎ ተነሣ። የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም ጉዳዩ፤ ግብሩ ለመሬት ልኬት፣ ልኬቱም ለርስት መጥፊያ በር ይከፍታል የሚል ሥጋት ነበር። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን መንደሮችን ደበደበ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ መንግሥትም ግብሩን ከማስፈጸም አፈገፈገ። ገበሬው የተዋጋው ለእርሻው ነበር፤ እርሻውና የአያቶቹ ስም ግን በእርሱ ዘንድ ሁለት ነገሮች አልነበሩም።

ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው ለውጥ ግን በዚያ መንገድ የሚመከት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ርስት ባለበት አገር ገበሬው በጊዜው የሚያርሰውን መሬት ይዞ እንዲቀጥል ተደረገ፤ በትውልድ ቆጥሮ ተጨማሪ ድርሻ የመጠየቅ መብት ግን ቀረ። ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬት ላይ የሚቋቋሙ የገበሬ ማኅበራት የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ ኖሯቸው የመሬት ክርክርን ተረከቡ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው የመሬት ድልድል ደግሞ የሚጠየቀው ሌላ ዓይነት ትዝታ ነበር፤ በቀድሞዎቹ ሥርዓቶች ማን ባለሥልጣን ነበር፣ ማንስ የፊውዳል ወገን ነበር ተብሎ «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» በሚል የተፈረጀው ሰው ይዞታው ተቀነሰበት። ከዚያም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መጣ፤ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጻፈበት። ይህ ለሴቶች መብት ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ደብተሩ የሚያውቃት ዛሬ በሕይወት ያለችውን ሚስት ነው፤ በሙግት ትጠራ የነበረችው ቅድመ አያት የምትገባበት ዓምድ የለውም።

ለውጡን መቃወም የእኔ ሐሳብ አይደለም። የምለው አንድ የትዝታ ተቋም ያለ ቀብር ሥነ ሥርዓት መሞቱን ነው። በ1967 ዓ.ም. የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረና የሐረግ ሙግት የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢኖር 90 ዓመት ደርሷል። የሚያውቀውን የሚጠይቀው ችሎት የለም፤ ልጁም ለመማር የሚገፋፋው ጉዳይ የለውም።

ገበያ

ርስት ጠባቂ የነበረው ትዝታ ነው። ቡሬ ግን ከመጀመሪያው ጠባቂ ላጣ ትዝታ ምሳሌ ትሆነናለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡሬ፣ በየጁቤ አጠገብ ከነበረው ከባሶ ጋር፣ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ሸቀጥ ከሚያርፍባቸው የጎጃም ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከጉድሩና ከዚያም ወዲያ ካሉ አገሮች ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይወርዳል። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ የተዋጉትም ይህ ንግድ የሚመጣባቸውን የደቡብ ምዕራብ አገሮች ለመያዝ ነበር። ዛሬ ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር ወደ ነቀምት የሚያልፈው አውራ ጎዳና፣ በከተማዋ የተተከለው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ጭምር፣ የከተማዋ አቀማመጥ ከጥንት የሰጣትን የመገናኛነት ሥራ የሚቀጥሉ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። የጎጃምን ንግድ ያጠኑት አብዱሰመድ አሕመድ በጎጃምና በምዕራባዊው ጠረፍ፣ በቤኒሻንጉልና በጉሙዝ ሕዝቦች ላይ ይካሄድ የነበረው የባሪያ ንግድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መዝለቁን አሳይተዋል። እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከግብርና ከንግድ ሀብት በማካበት የታወቁ ነበሩ። የተሸጠው ሰው ግን ርስት የለውም፣ በሙግት የሚጠራው ሐረግ የለውም፣ በስሙ የሚቆም ማኅበር የለውም። ስለዚህ በአፍ ታሪካችን ውስጥ ድምፁ የለም። የከተማ ምክር ቤት «ቡሬ ጥንታዊ የንግድ ማዕከል ነበረች» ብሎ በኩራት ሲጽፍ ይህን ጸጥታ ሳያውቀው ይወርሳል። የገበያው ታሪክ ቅርስ ከሆነ ሙሉው ታሪክ ነው ቅርስ መሆን ያለበት፤ ነጋድራሱ ብቻ ሳይሆን በኬላው ተቆጥሮ ያለፈው ሰውም ጭምር።

የ1933 ዓ.ም. መንገድ

ስም፣ ርስትና ገበያ የተገናኙበት አንድ ወቅት አለ፤ እርሱም የነጻነት ዘመቻው ነው። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ተልእኮ 101 ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባና ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ከደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ከሌሎች አርበኞች ጋር ተገናኘ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። ኮሎኔል ዊንጌት የሚያዙት የጌዴዎን ጦር፣ ከ2,000 የማይበልጡ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮችን ይዞ፣ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋው ወጣ። በቡሬ የሰፈረው የኮሎኔል ናታሌ ጦር በቁጥር በብዙ ይበልጠው ነበር። ሆኖም ዙሪያውን በአርበኞች የተከበበው የኢጣሊያ ጦር የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። በሁለተኛው ቀን በጨረቃ ወንዝ አጠገብ፣ በመንገዱ ላይ የነበረው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በብዛት የሚበልጠውን ተሸሺ ጦር ገጥሞ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ በጠላትም ላይ አደረሰ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ።

የካቲት 25 እንግዲህ ለዚህ አገር ሁለት ጊዜ የታሪክ ቀን ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ቡሬ ከጠላት የተለቀቀችበት፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ርስት ያበቃበት። ቀኖቹ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ ለአንድ የአካባቢ ትምህርት ቤት ግን ሁለቱን በአንድ ቀን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም።

ደግሞም የሰላም መንገድ የተባለው ጉዞ ለሁሉም ሰላም አላመጣም። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ። ነጋሽ በዛብህ በ1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አሢረዋል ተብለው ተያዙ። የበላይ ስም በሕዝብ ቃል ግጥም ታድጎ ኖሯል፤ የነጋሽ ግን በብዙ ተማሪዎቻችን ዘንድ አይታወቅም። ሁለቱን የለያቸው የጀግንነታቸው መጠን ነው ለማለት ማስረጃ የለንም፤ አንዱን የሚያነሣ ሕዝባዊ ልማድ በመኖሩ ነው ማለት ግን ይቻላል።

ምክር ቤቱ ምን ያድርግ?

እዚህ ላይ ከጎረቤት አንድ ምሳሌ ላንሣ። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያከብረው በዓል የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። በዚያ ትዝታውን የሚጠብቀው ሐውልት አይደለም። አባል መሆን፣ ፈረስ መቀለብ፣ ኮርቻ ማሠራት፣ በሐዘንም ሆነ በደስታ አብሮ መውጣት የሚጠይቅ ማኅበር አለ። ወጣቱ ታሪኩን የሚማረው ፈረሱን ሲገራ ነው። ሥራ ያለው ትዝታ ማለት ይህ ነው።

ሕጉም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በር ይከፍታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቅርሶችን የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ሁሉ ላይ አኑሯል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይዳሰሰውንም ቅርስ ያጠቃልላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቀበለችው የዩኔስኮ ስምምነት ደግሞ ቅርሱ ሲለይ ባለቤቱ ማኅበረሰብ እንዲሳተፍ ይጠይቃል። የጎደለው ሕግ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዙ የገበሬ ማኅበራት መዝገቦች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የፍርድ ሸንጎ ውሳኔዎች በየቀበሌው እንደ አሮጌ ወረቀት ሳይሆን እንደ ቅርስ ይቆጠሩ። ሁለተኛ፣ የርስት ሙግት የሚያውቁ አረጋውያን፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በሕይወት ሳሉ በድምፅ ይቀረጹ፤ ቅጂውም ከዩኒቨርሲቲው በፊት ለአካባቢው ትምህርት ቤት ይሰጥ። ሦስተኛ፣ የምክር ቤቱ የቅርስ ኮሚቴ ሲቋቋም ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከርስት ውጭ የኖሩት ወገኖች፣ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦችና የእጅ ባለሙያዎች፣ ይቀመጡበት። ያለ እነርሱ የቡሬ ገበያ ታሪክ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ለነገ ማለት እንደማይቻል ያለንበት ጊዜ ይነግረናል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና አውታሮች የሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ዘግበዋል። የሰላም መንገድ በተባለች ከተማ ይህ መሆኑን አንድ የታሪክ መምህር ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። በጦርነት ውስጥ ሰው ይሞታል፤ ከሰው ጋር ደግሞ ገና ያልተጠየቀ ነገር ይሞታል። ቢሮ ሲዘጋ ወይም ሲቃጠል፣ ነዋሪው ሲሰደድ መዝገቡም ይበተናል። እነዚያ ሟቾችም እንደ አሮጌው ዘመን ቅድመ አያቶች በስም የመጠራት መብት አላቸው። የከተማው ምክር ቤት ከሚይዛቸው መዝገቦች ሁሉ የስማቸው መዝገብ የመጨረሻው ሊሆን አይገባም።

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ላብቃ። ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትመለሱ ከቤተሰባችሁ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ፊት ተቀመጡና የእናታችሁን እናት ወገን እስከምን ድረስ እንደሚቆጥሩላችሁ ጠይቁ። ስሞቹን በሙሉ ጻፉ፤ በየትኛው ደብርና በየትኛው ማሳ ክርክር እንደተጠሩም ጠይቁ። የቀበሌው ቅርስ ዝርዝር ከዚያ ወረቀት ሊጀምር ይችላል።